የጁሙዓ ማስታወሻ፦ የባግዳዱ መምህር አንደበት ለምን ተዘጋ?

ሱረቱል ከህፍን ገና ያልቀራችሁ ከመግሪብ በፊት አድርሱት፤ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሶለዋት አብዙ። ከዚያ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ በሉ፤ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ጠያቂዎቹ ከመስጂድ የራቁ ልጆች አይደሉም። ተመርቀው ሥራ የያዙ፣ ሶላታቸውን የሚጠብቁ፣ ለቤተሰብም የሚልኩ ናቸው። ግን ደስታቸው ጠፍቷል። ጠዋት የሚነሡበት ምክንያት ብዥ ብሎባቸዋል። አንዳንዱ ሁሉን ጥሎ ገጠር ዛዊያ ሊገባ ያስባል፤ አንዳንዱ ሁለተኛ ዲግሪ ቢጨምር፣ ደመወዙ ከፍ ቢል ነገሩ የሚስተካከል ይመስለዋል። እኔ ለሁላችሁም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። በዚሁ ጥያቄ ታመው እህል ከጉሮሯቸው አልወርድ ያላቸው ትልቅ ሰው ግን ነበሩ፤ የእሳቸውን ሕይወት ልንገራችሁ። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታሪካቸውን ግን ብዙዎቻችን ከኪታባቸው ሽፋን አልፈን አናውቀውም።

ኢማም አቡ ሓሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ የተወለዱት በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) ኹራሳን ውስጥ ጡስ በምትባል ከተማ ነው። ጡስ ዛሬ ኢራን ውስጥ ከመሽሀድ አጠገብ ናት። አባታቸው የበግ ፀጉር እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። ራሳቸው አልተማሩም፤ ነገር ግን ከሥራ ሲመለሱ የዑለማኦች መጅሊስ ጥግ ይቀመጡ፣ የፊቅህ ሰዎችን ሲሰሙ ፈቂህ ልጅ እንዲሰጣቸው፣ የምክር ሰዎችን ሲሰሙ ደግሞ ሰው የሚመክር ልጅ እንዲሰጣቸው አላህን እያለቀሱ ይለምኑ ነበር ይባላል። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ሙሐመድና አሕመድ። ዱዓው እንዴት እንደተቀበለ ሳያዩ ሞቱ።

ከመሞታቸው በፊት ልጆቹን ከትንሽ ገንዘብ ጋር ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጥተው ነበር። ገንዘቡ አለቀ። ወዳጅየውም ድሃ ነበርና ልጆቹን አስቀምጦ እውነቱን ነገራቸው፤ ከእሱ ዘንድ የሚበሉት ስለሌለ መድረሳ ገብተው ደረሳ ቢሆኑ ቢያንስ ቀለብ እንደሚያገኙ መከራቸው። በዚያ ዘመን መድረሳዎች ወቅፍ ስለነበራቸው ለደረሳው ምግብ ይሰፍሩ ነበር።

እንግዲህ ኋላ ሑጀቱል ኢስላም የተባሉት ሰው ወደ ዒልም የገቡት በእንጀራ በር ነው። እሳቸውም አልደበቁትም። ዒልምን ሲጀምሩ ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዒልሙ ራሱ ግን ከአላህ ውጭ ለሌላ መሆንን እምቢ እንዳላቸው በኋላ ተናግረዋል። ይህን ያዙልኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት ነጥባችሁ ስለመጣ፣ ያ ትምህርት የደረሳችሁ መንግሥት ስለመደባችሁ፣ ወይም ቤተሰብ ስለፈለገ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ጥሩ መንገድ ሁልጊዜ በጥሩ ኒያ አይጀመርም።

ልጁ ጎበዝ ነበር፤ እጅግ ጎበዝ። ከጡስ ቀጥለው ጁርጃን ሄደው ተማሩ። ከዚያ ሲመለሱ የደረሰባቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሽፍቶች መንገድ ላይ ያላቸውን ሁሉ ዘረፏቸው። ወጣቱ ገዛሊ ሽፍቶቹን ተከትለው የጻፉትን ማስታወሻ ብቻ እንዲመልሱላቸው ለመኑ፤ ለእነዚያ ወረቀቶች ብለው አገራቸውን ጥለው እንደተሰደዱ አስረዱ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው። ከረጢት ሲወሰድበት ዒልሙም አብሮ የሚወሰድበት ሰው ተምሬያለሁ ማለቱ አስገርሞት ነበር። ወረቀቱን መለሰላቸው። እሳቸውም ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ማስታወሻ በቃላቸው ሲይዙ ቆዩ። ስልኬ ሲጠፋ ዒልሜም አብሮ እንደሚጠፋ ሳስብ ይህ ሽፍታ ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ ኒሻፑር ነው። እዚያ በዘመኑ ታላቅ ከነበሩት ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ፊቅህን፣ ኡሱልን፣ የክርክር ጥበብን ቀሩ። መምህራቸው በ478 ዓመተ ሂጅራ (1085) ሲሞቱ የሰልጁቆቹ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ወደሚገኝበት ሰፈር አቀኑ። ኒዛሙል ሙልክ ያንን ሰፊ ግዛት በተግባር ይመራ የነበረ ሰው ነው፤ ዑለማኦችን ይሰበስባል፣ ያከራክራል፣ ያስተማሩትን ያከብራል። ገዛሊ ክርክሩን ሁሉ ያሸንፉ ነበር። በ484 (1091)፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ፣ የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ሆነው ተሾሙ።

ይህ ሹመት ዛሬ ምን ጋር እንደሚመጣጠን ለመናገር ያስቸግራል። ባግዳድ የኸሊፋው መቀመጫ ናት። ኒዛሚያ የዘመኑ ትልቁ የትምህርት ቦታ ነው። ፊታቸው የሚቀመጠው ደረሳ 300 ነበር። ኸሊፋውና ሹማምንቱ ያማክሯቸዋል። ባግዳድ ሲገቡ ያዩዋቸው ሰዎች የለበሱትንና የተቀመጡበትን እንስሳ ገምተው 500 ዲናር እንዳወጣ ተዘግቧል። ይህችን ቁጥር አትርሷት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ያኔ የነበሩበትን ጠባይ ደግሞ የሚያውቃቸው ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ የሚባል የኒሻፑር ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ሰውን በንቀት ያዩ፣ ይቆጡ፣ በተሰጣቸው አንደበትና አእምሮ ይኮሩ፣ ክብርና ቦታ ይፈልጉ እንደነበር ይናገራል። ይህን የጻፈው ጠላት አይደለም፤ ወዳጅ ነው። እኔ ይህን ስቀራ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ግን አረፍኩ። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የሙስሊም ተማሪዎች ዝግጅት ላይ ስለ ኢኽላስ ንግግር አድርጌ፣ ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ቪዲዮውን ስንት ሰው እንደወደደው ስቆጥር አምሽቻለሁ። ስለ ኢኽላስ! በሽታው የትልቆቹም እንደነበረ ማወቅ ለትንሹ ተስፋ ይሰጣል።

በ485 (1092) ደጋፊያቸው ኒዛሙል ሙልክ በጩቤ ተገደለ። ወር ገደማ ቆይቶ ሱልጣን መሊክ ሻህ ሞተ። ከዚያም በ487 መጀመሪያ ኸሊፋው ሙቅተዲ ሞተ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የዚያ ዓለም ምሰሶዎች ሁሉ ወደቁ። ገዛሊ ይህን ሁሉ በቅርብ ያዩ ነበር። ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። ቀን እያስተማሩ በትርፍ ሰዓታቸው የፈላስፎችን መጻሕፍት ብቻቸውን አጠኑ፤ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ምሥጢሩን ደረሱበት፤ ከዚያም በዓለም የታወቀውን “ተሃፉቱል ፈላሲፋ” ጻፉ። ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ከዚህ በላይ የተሳካለት የለም።

ቀጥለው የሱፊዎችን ኪታቦች ያዙ፤ የአቡ ጧሊብ አል-መኪን፣ የሓሪስ አል-ሙሓሲቢን። በንባብ የሚገኘውን ያህል ከኪታቦቹ አገኙ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ተጋረጠባቸው። የጤናን ትርጉም ማወቅና ጤነኛ መሆን ሁለት ነገሮች ናቸው። የታመመ ሐኪም ጤና ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጤናው ግን የለውም። ገዛሊ ራሳቸውን ያ የታመመ ሐኪም ሆነው አገኙት። ዙህድን በትክክል ያስተምራሉ፤ ዛሂድ ግን አይደሉም። ኒያቸውን ሲመረምሩ ማስተማራቸው ራሱ ለአላህ አልነበረም፤ የሚገፋቸው ዝና ነበር። በሚፈርስ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆሙ ታያቸው።

እንግዲህ በ488 ረጀብ (1095) ላይ ነን። ኢማሙ የ38 ዓመት ሰው ናቸው። አንድ ቀን ባግዳድን ለቀው ሊሄዱ ይቆርጣሉ፤ በማግሥቱ ይተዉታል። ጠዋት አኺራን ፈልገው ይነሣሉ፤ ማታ የዱንያ ጭፍራ መጥቶ ያንን ፍላጎት ያፈርሰዋል። ሸይጧን ይህ የሚያልፍ ስሜት ነው፣ ይህን ቦታ ከለቀቅህ አታገኘውም፣ ተቀናቃኝ የሌለበትን ክብር ጥለህ ነገ ብትጸጸት መመለሻ የለህም እያለ ይጎተጉታቸዋል። ስድስት ወር ገደማ እንዲህ ቆዩ። ስድስት ወር! እኛ አንድ ውሳኔ ሁለት ሳምንት ካስቸገረን ኢማናችን የደከመ ይመስለናል።

ከዚያ ነገሩ ከምርጫ ወጣ። አላህ አንደበታቸውን ዘጋው። ለደረሳዎቻቸው ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ሊያስተምሩ ይታገላሉ፤ አንዲት ቃል አልወጣ ትላለች። የዝምታው ሐዘን ወደ ልባቸው ወረደ፤ ከልባቸው ወደ ሆዳቸው። መረቅ እንኳ አልዋጥ አላቸው። ሰውነታቸው ደከመ። ሐኪሞች መጡ፤ መረመሩ፤ ነገሩ ከልብ ተነሥቶ ወደ አካል የገባ መሆኑን፣ ልባቸውን የያዘው ጭንቀት ካልተፈታ መድኃኒት የማይሠራ መሆኑን ተናግረው ተስፋ ቆረጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትልቁ ኢማም ታመው ሐኪም ዘንድ ታይተዋል፤ ሐኪሞቹም የአእምሮ ጭንቀት አካልን እንደሚጥል አውቀዋል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት! ዛሬ በእኛ ሰፈር እንቅልፍ ያጣ፣ እህል ያስጠላው ልጅ ኢማንህን አስተካክል ብቻ ተብሎ ይሸኛል። እንደዚህ የሆናችሁ ካላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ዱዓም አድርጉ። አንዱ አንዱን አያስቀርም።

ኢማሙ አቅማቸው ማለቁን ሲያውቁ መውጫ እንዳጣ ሰው ወደ አላህ ተጠጉ። እሱም ክብሩን፣ ገንዘቡን፣ ወዳጁን መተው በልባቸው ላይ ቀላል አደረገላቸው። ወደ መካ እንደሚሄዱ አስወሩ፤ በውስጣቸው ግን ያሰቡት ሻም ነበር። ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው ቢያውቁ እንዳይከለክሏቸው ፈርተው ነው። በዙልቃዕዳ ወር 488 ባግዳድን ለቀቁ።

ሁሉን ጥሎ መሄድ ለሚያምራችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ገዛሊ ያላቸውን ገንዘብ አከፋፈሉ፤ ለራሳቸው የሚበቃውንና ለልጆቻቸው ቀለብ የሚሆነውን ግን አስቀርተዋል። በኒዛሚያ ደግሞ ወንድማቸው አሕመድ በእሳቸው ቦታ አስተምረዋል። ልጆቻቸው እንዳይራቡ ሳያደርጉ አልወጡም። ተወኩል ብለው ቤተሰብ ያስራቡ አይምሰላችሁ።

ደማስቆ ገቡ። ሁለት ዓመት ገደማ በሻም ቆዩ። በኡመውዮች ትልቅ መስጂድ ሚናራ ላይ ይወጣሉ፤ በሩን ከውስጥ ዘግተው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ። ሥራቸው ዚክርና ነፍስን ማጽዳት ነበር። 300 ደረሳ ፊታቸው ይቀመጥ የነበረው ሰው አሁን የሚሰማቸው የለም። ከዚያ ወደ በይተል መቅዲስ ተሻገሩ፤ እዚያም ቁብበቱ ሶኽራ ገብተው በሩን እየዘጉ ይቀመጡ ነበር። ከተማዋ በመስቀል ጦረኞች እጅ የወደቀችው በ492 (1099) ነውና ገዛሊ ያዩዋት ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ኸሊል ከተማ ሄደው በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) መቃብር ዘንድ ሦስት ነገር ቃል ገቡ፤ ከሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል፣ ወደ ሱልጣን ደጅ ላለመሄድ፣ ለማሸነፍ ብሎ ሙናዞራ ላለመግባት። ሦስቱም ባግዳድ ላይ ያሳመሟቸው ነገሮች ናቸው። ሌላውን ሰው ስለሚያሳምም ነገር አይደለም ቃል የገቡት፤ የራሳቸውን ቁስል ያውቁታል። ከዚያ ሐጅ አደረጉ፤ መዲናንም ዘየሩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለእኔና ለእናንተ ብዙ አይጠቅመንም ነበር፤ ሚናራ ላይ የምንወጣ ስንት ነን? ግን አላለቀም። ከሐጅ በኋላ የልጆቻቸው ናፍቆትና ጥሪ ወደ አገር ጎተታቸው። ሲሄዱ ወደ ሰው የመመለስ ሐሳብ ጭራሽ ያልነበራቸው ሰው ተመለሱ። መንገዳቸውም በባግዳድ በኩል ነበር። ያኔ ያዩዋቸው እነዚያው ሰዎች ልብሳቸውን በድጋሚ ገመቱት፤ 15 ቂራጥ፣ ከአንድ ዲናር ያነሰ።

ጡስ ቤታቸው ከገቡ በኋላ የሆነውን በግልጽ ጽፈውታል፤ እኔም ከሕይወታቸው ሁሉ ይህን ቦታ ነው የምወደው። ለብቻ መሆን ይፈልጋሉ። ነገር ግን የዘመኑ ጣጣ፣ የቤተሰቡ ጉዳይ፣ የኑሮ ግዴታ ያንን ጸጥታ ይበጠብጠዋል። ንጹሕ የሆነ የልብ እርጋታ የሚያገኙት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ተስፋ ግን አልቆረጡም፤ ሁኔታው ይገፋቸዋል፣ እሳቸው ይመለሳሉ። እንዲህ እያሉ ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ሕፃን ታቅፋችሁ ሌሊት የምትነቁ እናቶች፣ ከሥራ በታክሲ ሰልፍ ተንገላታችሁ መግሪብን የምታደርሱ ወንድሞች፣ ቁርኣኔን ተረጋግቼ ለመቅራት ጊዜ አጣሁ የምትሉ ሁሉ፣ ኢማም ገዛሊም ያገኙት በቁርጥራጭ ነው።

“ኢሕያኡ ዑሉሚዲን” የተጻፈው በእነዚህ ዓመታት ነው። አርባ ክፍል ያለው ትልቅ ኪታብ ነው። በውስጡ ደካማ ሐዲሶች እንዳሉ ሐፊዝ አል-ዒራቂ አንድ በአንድ ለይተው ስላሳዩ ስትቀሩት ከመምህር ጋር ቅሩት። ግን አቀማመጡን እዩት። አንደኛው ሩብ ስለ ዒባዳ ነው። ሁለተኛው ሩብ ስለ ምንድን ነው ብትሉ፣ ስለ አበላል፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራና ገበያ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ጉዞ። ከሚናራው የወረዱት ሰው ስለ ማዕድ አቀማመጥ ጻፉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሩቦች ወደ ልብ በሽታዎችና ወደ መድኃኒታቸው ይገባሉ።

ስለ ሥራ ሲጽፉ ሰውን በሦስት ይከፍሉታል። ኑሮው አኺራውን ያስረሳው አለ፤ ይህ ከስሯል። አኺራው ኑሮውን ያስረሳው አለ፤ ይህ አትርፏል። ሦስተኛው ለአኺራው ሲል የሚሠራ፣ ኑሮውን መንገድ ያደረገ ነው፤ መካከለኛው እሱ ነው ይላሉ። እኔና እናንተ አላህ ቢገጥመን እዚህ ሦስተኛው ውስጥ ነን። ስለ ትዳር ሲጽፉ ደግሞ ከጥቅሞቹ አንዱ ነፍስን ማሳረፍ መሆኑን ይቆጥራሉ፤ ከትዳር ጓደኛ ጋር ተቀምጦ መጫወት የደከመ ልብን ያድሳል፣ ለዒባዳም ያበረታል። ልጅ ከቁርኣን ቤት ሲወጣ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ሁልጊዜ በትምህርት ማስጨነቅ ልቡን እንደሚገድለውና ብልህነቱን እንደሚያጠፋው ጽፈዋል። ይህን ለአንዳንድ መምህራን ባስነበብኩ እያልኩ ተመኝቻለሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ አንድ ቦታ ስቀራ ኳስ መንካት እንደ ወንጀል ይታይ ነበር።

“ቢዳየቱል ሂዳያ” በሚባለው ትንሽ ኪታባቸው ከመኝታ መነሣት ጀምረው እስከ መተኛት ያለውን ቀን ይዘረዝራሉ። እንቅልፍም ተቆጥሯል፤ ከ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት እንዳይበልጥ። ስልሳ ዓመት ብትኖር ሃያው በእንቅልፍ ሄዷልና ይበቃሃል የሚል ስሌት ነው። እኔን የገረመኝ የከለከሉት ሳይሆን የፈቀዱት መጠን ነው፤ ስምንት ሰዓት ዛሬ ብዙዎቻችን የማንተኛው ነው፣ ያውም በዒባዳ ሳይሆን በስልክ።

ዐረብኛ ለማይችለው የአገራቸው ሰው ደግሞ በፋርስኛ “ኪምያዬ ሰዓደት” የሚል ኪታብ ጻፉ፤ ደስታን የሚያስገኝ ቅመማ እንደማለት ነው። እዚያ ውስጥ አካል የልብ መጓጓዣ ነው ይላሉ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ግመሉን መመገብ፣ ማጠጣት፣ ማሳረፍ አለበት፤ አለዚያ አይደርስም። ቀኑን ሙሉ ግመሏን ሲቀልብና ሲያስጌጥ ከዋለ ደግሞ ቃፊላው ጥሎት ይሄዳል። የእያንዳንዱ ነገር ደስታ በተፈጠረለት ጉዳይ ውስጥ መሆኑንም ያስረዳሉ፤ ዓይን በመልካም እይታ፣ ጆሮ በመልካም ድምፅ ይደሰታል፤ ልብ ደግሞ የተፈጠረው አላህን ለማወቅ ስለሆነ በሌላ ነገር ቢሞሉት አይረካም።

በነገራችን ላይ ኢማሙ ከእኛ የራቁ አይደሉም። ወሎ ውስጥ ሚንሃጅ የቀራ ሰው ካለ ቤተሰባችሁ ውስጥ ጠይቁት። ሚንሃጅን ኢማም ነወዊ ያሳጠሩት ከራፊዒይ “ሙሐረር” ነው፤ ራፊዒይ ደግሞ የገዛሊን “ወጂዝ” በሰፊው ያብራሩ ሰው ናቸው። የሻፊዒይ ፊቅህ የቀሩ አያቶቻችን የእኚህን ሰው ድካም ሳያውቁ ሲበሉ ኖረዋል።

በ499 ዙልቃዕዳ ወር (1106)፣ ባግዳድን በለቀቁ ልክ በዐሥራ አንድ ዓመታቸው፣ የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፈኽሩል ሙልክ ኒሻፑር መጥተው እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። አመነቱ፤ የሚያምኗቸውን ሰዎች አማከሩ፤ ብዙዎቹ ተቀመጥ ሳይሆን ሂድ አሏቸው። ሄዱም። ያው መድረሳ፣ ያው ወንበር፣ ያው ፊቅህ። እሳቸው ግን መመለሴ መመለስ አይደለም የሚሉበት ምክንያት ነበራቸው፤ ድሮ ክብር የሚገኝበትን ዒልም ያስተምሩ ነበር፤ አሁን ክብር የሚተውበትን። ራሳቸውንም ሌላውንም ለማስተካከል ነበር ምኞታቸው፤ ይሳካላቸው አይሳካላቸው እንደማያውቁ ግን አልሸሸጉም።

ያ ዐብዱል ጋፊር፣ ድሮ ኩራታቸውን ያየው ሰው፣ በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ዘየራቸው። ትሕትናቸውን ሲያይ መጀመሪያ አላመነም፤ የተለበሰ ማስመሰል መስሎት ነበር። ቆይቶ፣ አስተውሎ፣ መርምሮ ግን ነገሩ ከጠረጠረው የተለየ ሆኖ አገኘው። ሰውየው በእርግጥ ተለውጠዋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኒሻፑርንም ትተው ጡስ ቤታቸው ተመለሱ። ከቤታቸው አጠገብ ለደረሳዎች መድረሳ፣ ለሱፊዎችም ማረፊያ አዘጋጁ። ሰዓታቸውን ከፋፈሉት፤ ቁርኣን ማኽተም፣ ከልብ ሰዎች ጋር መቀመጥ፣ ደረሳዎችን ማስተማር። በመጨረሻም ወደ ሐዲስ ተመለሱ፤ ቡኻሪንና ሙስሊምን ይዘው ከሐዲስ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ዓለም ኪታባቸውን የሚቀራላቸው ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደገና ተማሪ ሆኑ። ገንዘብ ሲቀርብላቸው አይቀበሉም ነበር፤ ከውርስና ከሥራቸው የሚያገኙት ለእሳቸውና ለቤተሰባቸው የሚበቃ ነበርና። ሲሞቱ የተዉት ሴቶች ልጆችን ብቻ ነው።

የሞቱበትን ጠዋት የነገረን ወንድማቸው አሕመድ ነው፤ ያ አብሯቸው ለቀለብ ብሎ መድረሳ የገባው። ቀኑ ሰኞ ነበር፣ ጁማደል ኣኺር 14፣ 505 ዓመተ ሂጅራ (1111)። ኢማሙ ውዱእ አድርገው ሱብሒን ሰገዱ። ከፈናቸውን አምጡልኝ አሉ። ተቀብለው ሳሙት፤ ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ወደ ንጉሡ ለመግባት እሺ ብለው መታዘዛቸውን ተናገሩ። እግራቸውን ዘረጉ፤ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዞሩ። ጎሕ ሳይገልጥ ሄዱ። ረሒመሁላህ።